ገጽ አርባ አንድ

ሥራዬ ማሞቂያ ነው፤ ቧንቧ እጠግናለሁ፣
ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ሙቀት እልካለሁ።
በኅዳር አመሻሽ፣ ከኢን ወንዝ በላይ ባለች መንደር፣
የአምስተኛ ክፍል ራዲያተር ቀዝቅዞ ነበር።
ቁልፌን ይዤ ብገባ፣ መምህርት ኡርሲና
ካፖርቷን እንደ ለበሰች
ከአንድ ጥናት ጋር ትታገላለች።

ሰማንያ አራት ገጽ።
ዶክተር ካዱፍ ሃያ ዓመት ሙሉ
በመንደሩ አናት የተጋደመውን የበረዶ ግግር
በእንጨትና በሳተላይት ለክተው የጻፉት፤
ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ የግሪክ ፊደል፣
የቀረው በቅንፍ ታጥሮ እስረኛ የሚመስል።

«ልጆቹ በመስኮት በየቀኑ ያዩታል» አለችኝ፣
«ስለ እሱ የተጻፈውን ግን እኔም አላውቅ፤
ጎረቤታችን ታሞ፣ የሐኪሙ ወረቀት
በማናነበው ቋንቋ እንደሚደርሰን ዓይነት።»

ለማሽኑ ሰጠችው፣ ለሰው ሠራሹ አስተውሎት፤
«የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲገባው አድርገህ ንገረኝ» አለችው።
እኔ አንዲት ብሎን ፈትቼ ሳልጨርስ
እሱ ሰማንያ አራቱን ገጽ ፈትቶ ጨረሰ።

«የበረዶው ግግር» ይላል «የቁጠባ ደብተር ነው፤
በብርድ ወራት ያስገባል፣ በሙቀት ወራት ያወጣል፤
ካስገባው ያወጣው ከበለጠ ቆይቷል።»
ሳቀች። እኔም ገባኝ፤
ደመወዝ በወሩ አጋማሽ እንዴት እንደሚሟሽሽ አውቃለሁና።
ሰም ሲቀልጥ ወርቅ ይገኛል እንላለን እኛ፤
በረዶ ሲቀልጥ እዚህ የሚገኘው
ጠጠር ነው፣ አንዳንዴም የጠፋ ሰው ጫማ።

ወደ ሮማንሽ መልሰው ስትለው ተንተባተበ።
የልጆቹ ቋንቋ በእሱ ዓይን እንደኔዋ ትንሽ ናት፤
ሦስት ቃል በጀርመን ሞላባት፣
እሷ በእርሳስ አረመችለት።

የመጨረሻው መስመር ግን አጭር ነበር፦
«በሁለት ሺህ ሰባ አምስት ይጠፋል።» አራት ነጥብ።

ኡርሲና ቶሎ አታምንም፤ የከብት አርቢ ልጅ ናት፣
የሰው ወተት ሳትቀምስ ከራሷ የማትቀላቅል ዓይነት።
ወረቀቱን ገለጠች፣ ገለጠች፣
ገጽ አርባ አንድ ላይ ቆመች።
ዶክተሩ እዚያ እንዲህ ብለዋል፦
ምናልባት በሥልሳ፣ ምናልባት በምዕቱ ማብቂያ፣
ጭሱ ከቀነሰ ደግሞ ምናልባት
ጫፉ ላይ ጥቂት ይተርፋል።

ሦስት ምናልባት። ማሽኑ ሦስቱንም
እንደ ዓሣ አጥንት ለቅሞ አውጥቷቸዋል፣
ልጆቹን እንዳይወጋ።

«ምናልባቶቹን የት አደረስካቸው?» ብላ ጻፈች።
ይቅርታ ጠየቀ፤ ለይቅርታ እንደ እሱ ፈጣን አላየሁም።
«ለማሳጠር ብዬ ነው» አለ፤ መለሳቸው።
ሁለት ሰዓት እንዲህ ተከራከሩ፤
እሱ ሲያቀልላት፣ እሷ ስታከብደው።
ራዲያተሩ ሞቀ። ካፖርቷን አላወለቀችም።

በማግስቱ ከቧንቧው አየር ላስወጣ ተመለስኩ፣ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።
ሴራይና የምትባል፣ ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረች ልጅ
እጇን አወጣች፦ «ሲጠፋ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?»

ኡርሲና ጠመኔዋን አስቀመጠች።
«ምናልባት ሃምሳ ሊሞላሽ ሲል። ምናልባት አርጅተሽ።
ምናልባትም ለልጅ ልጆችሽ ቅሪቱን በጣትሽ ታሳያለሽ።»
«የትኛው ነው?»
ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር፤ ማንም አልጠየቀው።
ከኋላ አንድ ልጅ፦ «ምናልባት ማለት አላውቅም ማለት ነው?»
«አይ» አለች፤ ትንሽ አሰበች፤
«ገና አላለቀም ማለት ነው።»

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ቦይለሩ ያጉረመርማል፣
ጋዙን በሰማያዊ ምላሱ ይልሳል።
ማዞሪያውን ይዤ ቆየሁ፣ ቆየሁና
ከሃያ ሁለት ወደ ሃያ አንድ አወረድኩት፣ ማንንም ሳላስፈቅድ።
እስከ ሰኞ ቅሬታ አልመጣም።
ምናልባት ሹራብ ደርበው ይሆናል።